ያለ ጊታር ሮክ፣ በአምባሰል

ጊታሪስታችን ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲገባ ባንዳችን ውስጥ ሁለት ሰው ቀረን፤ ኪቦርድ የምጫወተው እኔና ድቤ መቺው ጓደኛዬ። የምንጫወተው ሮክ ነው። ያለ ጊታር ምን ሮክ አለ ብለን ምትክ ፍለጋ ደሴን አዳረስናት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያልጠየቅነው ሰው የለም። ጊታር የሚችለው ሁሉ ወይ በሠርግ ሥራ ተይዟል፣ ወይ እሱም አዲስ አበባ ነው።

ሲጠፋ ጊዜ ኪቦርዴን ጊታር ላደርገው ሞከርኩ። የኔ ያማሃ ፒኤስአር ውስጥ የዲስቶርሽን፣ ማለትም የሻከረ የሮክ ጊታር ድምፅ አለ። ሦስት ወር ሙሉ በሱ ተጫወትኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ያ ጊዜ ነው። ሰዉ ይሰማና "ጊታሩ የት አለ?" ይላል። ልክ ነበሩ። ኪቦርድ ሌላ መሣሪያ ለመምሰል ሲታገል የራሱን ድምፅ ያጣል።

መንገዱን ያሳየኝ ሶፍት ማሽን የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነው። ጊታሪስታቸው ዴቪድ አለን አውስትራሊያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ እንዳይገባ ተከለከለ። የቀሩት ሦስቱ ያለ እሱ ቀጠሉ፤ በ1968 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። ኪቦርዲስቱ ማይክ ራትሌጅ ለጊታር የተሠራውን ፈዝ፣ ድምፅ የሚያሻክረውን ትንሽ ዕቃ፣ ከኦርጋኑ ጋር አገናኘው። ጣቱን ከኦርጋኑ ላይ ሲያነሳ ፊድባክ፣ ስፒከሩ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲያስገባ የሚመጣው ጩኸት፣ ይጮህበታል። ስለዚህ ሳያነሳ ይጫወት ነበር። ያ ማረፊያ የሌለው ረጅም ዜማው የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። የእኛም ችግር እንዲሁ መንገድ ሊሆን ይችላል አልኩ። የኛው ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያስ ቢሆን አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አልበም ቀድቶ የለ?

ፈዝ ውስጡ ቀላል ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ሰርኪዩቱን ከኢንተርኔት አውጥቼ ሬዲዮ ለሚጠግን ሰው ወሰድኩለት። በአንድ ከሰዓት ሠርቶ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ከቶ ሰጠኝ። ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ በጋለ ሚስማር በስቶበታል። ዛሬም የምጫወተው በሱ ነው።

ቤት ወስጄ ስሰካው ሽሮ ሲንተከተክ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሁለት ሳምንት ታገልኩ። አንደኛው ጥፋት የኪቦርዱ ድምፅ ኃይል ነበር። ከኪቦርድ የሚወጣው ሲግናል ከጊታር በጣም ይበልጣል፤ ፈዙ የተሠራው ደግሞ ለጊታር ነው። የኪቦርዱን ቮሊዩም ወደ ሩብ ዝቅ ሳደርገው ድምፁ ተከፈተ። ሁለተኛው ጥፋት የኔ ልማድ ነበር። በሁለት እጄ ሙሉ ኮርድ እይዛለሁ። ፈዝ ግን ከገቡለት ኖታዎች ተጨማሪ ድምፅ ራሱ ይፈጥራል። ብዙ ኖታ ከሰጠኸው ምኑም አይለይም። ስለዚህ አንድ ኖታ፣ ቢበዛ ሁለት። ሪቨርቡን፣ ድምፁን የሚያስተጋባውን፣ አጠፋሁ። ስታይሉንም፣ ኪቦርዱ በራሱ የሚመታውን ከበሮና ቤዝ፣ አጠፋሁ። ከስታይሉ መለየት ከባድ ነበር፤ ዓመታት ሠርግ ላይ ተደግፌው ኖሬያለሁ። ግራ እጄ እንደ ገና ቤዝ መጫወት ተማረ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሙዚቃው ገና አልነበረም። ጉድለቱን የነገሩኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ቡና ጠጡ ሊሉን መጥተው በር ላይ ቆመው አዳመጡ። "የኔ ልጅ፣ ውስጡ አምባሰል አለ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "አፍነኸዋል" አሉኝና ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። አምባሰል ለእኛ ቅኝት ብቻ አይደለም፤ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ ስትሄድ የምታየው አገር ነው። ይህን ቅኝት ለማያውቅ ሰው ዘፍኜ ለማሳመን የምቸኩል ይመስል በፍጥነት እጫወተው ነበር። ከኤ ስትነሳ ኖታዎቹ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጣም ይጠጋጋሉ። የአምባሰል ሆድ የሚያባባው እዚያ ጋ ነው፤ እኔ ግን እሮጥበታለሁ።

አንድ ማታ ኪቦርዱ ላይ ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች ወርጄ ሁለቱን አንድ ላይ ያዝኩና ዝም አልኩ። እዚያ ኤ 110 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 110 ንዝረት ነው፣ ቢ ፍላት 116 ተኩል ገደማ። ሁለት የተጠጋጉ ድምፆች አንድ ላይ ሲጮኹ ልዩነታቸው እንደ ምት ይሰማል። እዚህ ላይ በሰከንድ ስድስት ተኩል ያህል መንቀጥቀጥ ነው። ፈዙ ደግሞ አጉልቶ ያወጣዋል። መስኮቱ ይርገበገብ ነበር። ጓደኛዬ ድቤውን አንስቶ ሊከተለው ሞከረ፤ ፈጠነበት። "ይሄን ነገር አዘግይልኝ" አለኝ።

ኪቦርዴ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው መቃኘት ይፈቅዳል። አንድ ሰሚቶን፣ ከኤ እስከ ቢ ፍላት ያለው ርቀት፣ 100 ሴንት ነው። ቢ ፍላትን 23 ሴንት ዝቅ ሳደርገው መንቀጥቀጡ በሰከንድ 5 ሆነ፤ በደቂቃ 300 ማለት ነው። በሦስት በሦስት ስትቆጥረው 100 ምት ይሰጥሃል። ይህ እኮ የለመድነው ጭክጭካ ነው! ድቤው ገባ። ሪትሙን የሚሰጠው ማሽን ሳይሆን ቅኝቱ ራሱ ሆነ። ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት አልተነሳንም። ለእማማ በማግስቱ አሰማኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው እስኪያልቅ አልተናገሩም። "አሁን ተነፈሰ" አሉ።

መጀመሪያ ሰው ፊት የተጫወትነው ኮምቦልቻ፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። አርባ ሰው ቢሆን ነው። በልምምዱ ሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፑን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ አላጠፋሁትም ነበር፤ አንዱ ስፒከር ተቃጠለ። ይህን ለምታነቡ ሁሉ፦ መብራት ሲሄድ ከምንም በፊት አምፑን ንቀሉ፣ ስታቢላይዘር ሳትይዙም አትውጡ። በቀረው አንድ ስፒከር ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከበዱ፤ ጥቂት ሰዎች ወጡ። መንቀጥቀጡና ድቤው ሲገጥሙ ግን ከኋላ አንድ ሰውዬ ትከሻቸው መሥራት ጀመረ። አጠገባቸው ያሉትም ተከተሏቸው። በፈዝ የተቃጠለ ኦርጋን ላይ የወሎ እስክስታ ሲወርድ አየሁ። እንባዬ መጣ።

አሁን ባቲ ቅኝት ላይ ነን። ከኤ ሲነሳ ሁለት ጠባብ ጥንድ አለው፤ ሲ ሻርፕና ዲ፣ ጂ ሻርፕና ኤ። ታች ላይ ስይዛቸው አንደኛው በሰከንድ 8 ገደማ፣ ሌላው 6 ገደማ ይመታል። አራት ለሦስት ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስለቃቸው ጓደኛዬ ድቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ቀኝ እጁ አራቱን፣ ግራው ሦስቱን ያዘ፤ ተሳተ፤ እንደ ገና ያዘ። "እስከ ሰኞ ስጠኝ" አለኝ። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው።