ግባበት እንጂ!

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን አነሳሁ። አንዴ ካነሳሁት ደግሞ እንደማልተኛ አውቃለሁ። ዝም ብዬ በጣቴ እየገፋሁ ስወርድ ያቺ ቪዲዮ መጣች። ቫን ዳይክ፣ ሲሶኮ፣ ሶን። አንፊልድ። ከዚህ በፊት ሃምሳ ጊዜ ሳላያት አልቀርም። አሁንም አየኋት። ደገምኳት። ከዚያ ግንቡ ትዝ አለኝ። ግንቡ ማን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሊቨርፑል በሜዳው አንፊልድ ከቶተንሃም ጋር። ጨዋታው የነበረው መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። እሑድ። ደብረ ዘይት ስለነበር ቀኑን አልረሳውም፤ የጾሙ እኩሌታ። ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ለወትሮው ማኪያቶ ካልጠጣ ኳስ የማይታየው ሁሉ ጥቁር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። እኔ የአርሰናል ሰው ነኝ። ሊቨርፑልን አልወድም፣ አልጠላም። ቶተንሃም ሲሸነፍ ለማየት ግን የመግቢያዋን አስር ብር ቀርቶ ሃያም እከፍላለሁ።

የሊቨርፑሉ ፊርሚኖ በ16ኛው ደቂቃ አገባ። ቤቱ የሊቨርፑል ደጋፊ ይበዛበታል፤ ተቀወጠ። በ70ኛው ሉካስ ሞራ ቶተንሃምን አቻ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሊቨርፑል ከማንቸስተር ሲቲ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቋል፤ አቻ መውጣት ማለት ዋንጫውን አሳልፎ መስጠት ነው። 85ኛው ደቂቃ ላይ የቶተንሃሙ ሲሶኮ ኳሷን ይዞ ተፈተለከ። ከጎኑ ሶን አለ። ከፊታቸው የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቫን ዳይክ ብቻውን። ከእሱ በኋላ በረኛው አሊሰን ነው ያለው። ሁለት ለአንድ።

አጠገቤ ቀይ ማሊያውን ከጃኬቱ በላይ የደረበ ሰውዬ ተቀምጧል። ብድግ አለ። ሻዩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታም አላለኝም። “ግባበት! ግባበት እንጂ! ምን ይሸሻል ይሄ ሰውዬ!” ይላል።

ቫን ዳይክ አልገባበትም። ወደ ኋላ ሄደ። ሲሶኮ ይሮጣል፣ እሱ ያፈገፍጋል። ሲሶኮ ሳጥኑ ጋ ደረሰ፣ አሁንም ያፈገፍጋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ወደ ሲሶኮ ጠጋ አለ። ሲሶኮ በግራ እግሩ መታት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች፣ ደጋፊው መሐል ገባች።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ትከሻዬን ያዘኝ። “አየኸው? ጭንቅላት እኮ ነው! እንዲህ ነው ተከላካይ!”

አስር ሰከንድ አይሆንም እኮ። ያው ሰው ነው። ያው ተከላካይ ነው። የተለወጠው የኳሷ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ያን ለት ሳቅሁበት እንጂ ብዙ አላሰብኩበትም። ደግሞ በ90ኛው ደቂቃ የቶተንሃሙ በረኛ ሎሪስ የሳላህን ቴስታ በእጁ መያዝ አቃተው፣ ኳሷ የራሱን ተከላካይ አልደርቬይረልድን ነክታ ገባች፣ 2 ለ 1 አለቀ። እንዲህ ያለ ሲመጣ ስለ ተከላካይ እግር ማን ያወራል። እኔም ሱሪዬን ረስቼ እየጨፈርኩ ወጣሁ።

ትናንት ግን ድምፁን አጥፍቼ ቀስ አድርጌ ነው ያየሁት። የቫን ዳይክን እግር ብቻ። ኳሷን ተዋት፣ ሲሶኮን ተወው፣ እግሩን ብቻ እይ አልኩ ለራሴ። እርምጃው ትንንሽ ነው። ጥግ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ገላውን ሰያፍ አድርጓል። የቆመበት ቦታ ደግሞ ከሲሶኮ ይልቅ ወደ ሶን ያደላ ነው፤ ኳሷ ወደ ሶን የምታልፍበት መንገድ ላይ ነው ያለው። ሶን በሁለቱም እግሩ ይገድላል፤ ሲሶኮ በማግባት የሚታወቅ ሰው አይደለም፣ በግራውማ ጭራሽ። ስለዚህ ቫን ዳይክ እየመረጠ ነው። “ከሁለታችሁ አንተ ምታ፤ እሱንም በዚህኛው እግርህ” እያለው ነው። ከጨዋታው በኋላ ራሱም ይህንኑ እንዳሰበ ተናግሯል።

የሚገርመኝ ደግሞ ኳሷን አለመንካቱ ነው። አልነጠቀም፣ አላወጣም፣ ታክል አልወረደም። በማግስቱ የተጫዋች ቁጥር የሚቆጥሩት ሰዎች “ስንት ታክል፣ ስንት የተቋረጠ ኳስ” ሲሉ ይቺ የትም አትገባም። ማሊያው ላይ ጭቃ የለም። እኛ አገር ደግሞ (ሌላውም አገር ያው ነው መሰለኝ) ተከላካይ የሚወደደው ጭቃ ላይ ሲንከባለል ነው። ተንሸራቶ ኳሷን ከነሰውዬው ካወጣ “ጨካኝ!” ይባላል፣ ይጨበጨብለታል። መጀመሪያ ቦታውን ስቶ ስለነበር መንሸራተቱን የሚያነሳ የለም።

በነገራችን ላይ ሊቨርፑል ያን ዓመት 97 ነጥብ ሰብስቦ ዋንጫውን አልበላም። ሲቲ 98። ኳስ ቂመኛ ናት ግን። ከዚያ ጨዋታ ሁለት ወር በኋላ ማድሪድ ላይ እነዚሁ ሁለት ክለቦች ለቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ተገናኙ። ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ኳስ የማንን እጅ ነካች? የሲሶኮን። ሳላህ ሪጎሬዋን አገባ፣ ኦሪጊ በ87ኛው ጨመረ፣ አለቀ። ምስኪን ሲሶኮ።

እሺ፣ ግንቡ።

ግንቡ የሰፈራችን የመሐል ተከላካይ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ያለ ፈቃዱ ነው። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሮጦ አይቸኩልም። በእሱ በኩል ማንም አያልፍም ነበርና ግንቡ አልነው። 1994 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሰፈሮች ውድድር ነበር። ሽልማቱ አንድ በግ። በጉ ሜዳው ዳር ዛፍ ላይ ታስሮ ፍጻሜውን ከኛ ጋር እያየ ነበር፤ ማን እንደሚበላው የቸገረው ይመስላል።

ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ሜዳው ጭቃ ነው። 1 ለ 1 ነን። ሊያልቅ ሲል ኮርና አገኘን። ሁሉም ሰው ወጣ። በጉን በዓይናችን እየበላነው ነው። ኮርናው ተመታ፣ በረኛቸው ቦክስ አወጣው፣ ከእኛ እግር ወደ እነሱ እግር ሄደ። ዞር ስንል ሁለት ልጆች እየከነፉ ነው። ግንቡ ብቻውን ቀርቷል።

ግንቡ ወደ ኋላ ሄደ። እጆቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ፣ ሰያፍ ቆሞ፣ በትንንሽ እርምጃ። ሜዳው ዳር ጋሼ (አሠልጣኛችን፣ ነፍሱን ይማረው) ጃንጥላውን እየነቀነቁ “ግባበት! ግባበት አንተ!” ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ግንቡ አልገባም። ኳሷን የያዘው ልጅ ሳጥን ገባ፣ መታት። ጭቃውን ጠርጋ በበረኛችን ሆድ ሥር አለፈች።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልዘረዝረውም። “ፈራ።” “ለእግሩ ሳሳ።” “በጉን ሸጠው።” ለአንድ ክረምት ሙሉ ስሙ በግ ሻጩ ሆነ። እኔም አልኩ። እንዲያውም ሱቁ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ብትሞክር ምን ነበረበት? ሞክረህ ቢያቅትህ ማን ይወቅስሃል?” ያልኩት እኔ ነኝ። ምንም አልመለሰልኝም። ለስላሳውን ጨርሶ ጠርሙሱን መልሶ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት አልተጫወተም። ትምህርት በዝቶበት ነው አልን።

“ሞክረህ ቢያቅትህ” የምትለዋ ነገር ናት ትናንት ስታላምጠኝ ያደረችው። መሞከር ማለት ለኔ መንሸራተት ነበር። ሲወድቅ፣ ሲቆሽሽ ማየት ፈልጌ ነበር። ያንን ባየሁ ኖሮ ጎሉ ቢገባም ይቅር እለው ነበር።

ስንገባበትስ ምን ይሆናል? ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ነበርኩ። ከናይጄሪያ ጋር። ወደ ብራዚል ዓለም ዋንጫ የሁለት ጨዋታ መንገድ ብቻ የቀረን ለት። በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ የናይጄሪያው ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ያው ኤሜኒኬ ሳጥን ውስጥ ወደቀ። ሪጎሬ። 2 ለ 1። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ በእግር ስንሄድ ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ተከላካይ ነው ያወሩት። “ምን አስቸኮለው? ምን ያስገባዋል? ዝም ብሎ ቢያፈገፍግ አይሻልም ነበር?” አንዱ እስኪያለቅስ ድረስ ተናዶ ነበር። እኔም በልቤ አብሬያቸው ነበርኩ። በመልሱ ጨዋታ ናይጄሪያ፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ ቀረ።

ስለዚህ ግንቡ ቢገባ “ምን አስቸኮለው”፣ ባይገባ “ለእግሩ ሳሳ”። ቫን ዳይክም ቢሆን ያቺ ኳስ ሁለት ክንድ ዝቅ ብላ ቢሆን ኖሮ ያ ሻዩን ያፈሰሰብኝ ሰውዬ ምን እንደሚለው መገመት አያቅተኝም። ያን ዓመት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ኮከብ አድርጎ ሲመርጠው ቪዲዮዋ ስንት ጊዜ ታየች! የሲሶኮ ግራ እግር ግን ማንም አላመሰገናትም።

ደግሞ ላበዛው አይደለም። ተከላካይ በእውነት የሚሰንፍበት ጊዜ አለ። አይቻለሁ። ሰውዬው እያለፈው አገጩን አንስቶ የሚያይ፣ ከዚያ እጁን አውጥቶ ኦፍሳይድ ነው የሚል። ያንን ከሩቅ ታውቀዋለህ፤ እግሩ ቆሟል። የቫን ዳይክ እግር ግን ለአንድ ቅጽበት እንኳ አልቆመም። የግንቡስ? እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው። ቪዲዮ የለም። በዓይነ ኅሊናዬ ስመልሰው እርምጃዎቹ ትንንሽ ነበሩ። ግን እንዲህ የማስታውሰው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ትናንት አንፊልድን ደጋግሜ ስላየሁ ነው?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቪዲዮዋን በቴሌግራም ላኩለት። ግንቡ አሁን ሐዋሳ ነው። የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ስሙ እንደሆነ አልለቀቀውም። በዓል ሲሆን “እንኳን አደረሰህ” ከመባባል ውጭ ብዙም አናወራም። ከቪዲዮዋ ሥር “በጉን አስታወሰችኝ። ይቅርታ” ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ላጠፋው ስል አልተኛም ኖሮ አየው።

ጠዋት ስነሳ የድምፅ መልእክት ልኳል። ከኋላው የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማል። ሱቅ እየከፈተ ነው።

“እንዴት አደርክ። አየኋት። ቆንጆ ናት። እኔ እንኳ ያን ለት ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። ልጁን ግን አውቀው ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። በግራው እንኳን ጎል በር መምታት አይችልም። በግራው አስመታሁት። ገባች። ምን ታደርገዋለህ።”

ሳቀ። ለሠራተኛው “ሲሚንቶውን ወደዚህ” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

“እኔ የምልህ ግን፣ የቀኝ ተመላላሻችን አንተ አልነበርክም እንዴ? ሁለቱም እኮ በቀኝ በኩል ነው የመጡት። አንተ የት ነበርክ?”

ሁለቴ ሰማሁት። የት እንደነበርኩ አልጠፋኝም። እነሱ ጎል በር አጠገብ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እያለከለክኩ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሆኜ “ግባበት እንጂ!” እያልኩ እጮኻለሁ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። መስማቴን ግን ያየዋል።