10 አሃዝ ያለው ቁጥር እና 5 ሙከራዎች

አንድ ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው?» 4,294,967,297። ጂማ ዝናብ ይዟል፣ እናቱ አቦል እየቀዳች ነው። እኔ ቡና መጋዘን ሂሳብ ስሠራ ነው የምውለው፤ ቁጥር አያስፈራኝም። «አምጣው» አልኩት።

የሥራ ካልኩሌተሬ ከ8 አሃዝ በላይ አይቀበልም። በእጅ ጀመርኩ። በ3 ሲካፈል ቀሪው 2፣ በ7 ቀሪው 5፣ በ11 ደግሞ 5፣ በ13 ቀሪው 10። በረካ ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ ገና 53 ላይ ነበርኩ። በዚህ አካሄድ እስከ 65,536 መሄድ ሊኖርብኝ ነው፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር እንኳ ጥንዱ ከዚያ በታች ይገኛል። እስከዚያ ደግሞ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ።

በማግስቱ እርሳሱን አስቀምጬ ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ አየሁ። ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይሄን ነበር። ከ1 ተነስተህ 32 ጊዜ እጥፍ አድርግ፣ መጨረሻ ላይ 1 ጨምር፤ እሱ ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ ከዚሁ ቤተሰብ (1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ጊዜ እጥፍ ተደርጎ 1 ሲጨመር) 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ስለሆኑ ይሄኛውም ብቸኛ ይሆናል ብሎ አመነ፤ እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ። በ1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር አካፋይ አገኘለት።

መንገዱ ደስ ይላል። አንድ ብቸኛ ቁጥር ይሄንን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ ከ1 ተነስተን እጥፍ እያደረግን በእሱ ስናካፍል፣ 32ኛው እጥፍ ላይ ቀሪው ከአካፋዩ በ1 ያንሳል። 64ኛው ላይ ቀሪው ተመልሶ 1 ይሆናል፤ ከዚያ በፊት አይመለስም። ዙሩ 64 ነው ማለት ነው። ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ የዙሩ ብዜት ነው፤ ይሄንንም ያገኘው ራሱ ፌርማ ነው። ስለዚህ አካፋዩ የ64 ብዜት ሲደመር 1 እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም።

65፣ 129፣ 193 እያልን ጻፍን። ብቸኛ ያልሆኑትን ሰረዝን። ልጁ አካፈለ፣ እኔ አየሁ። በ193 ቀሪው 109። በ257 ቀሪው 2፤ ለጥቂት! በ449 ቀሪው 325፣ በ577 ቀሪው 288። አምስተኛው 641 ነበር። «ጋሼ፣ ዜሮ!»

ድርሻው 6,700,417 ሆነ። መጋዘን ውስጥ እንደለመድኩት አሃዝ ደምሬ ፈተሽኩት። የ641 አሃዞች ሲደመሩ 11፣ ከዚያ 2። የድርሻው 25፣ ከዚያ 7። 2 እና 7 ሲባዙ 14፣ ከዚያ 5። የዋናው ቁጥርም 59፣ 14፣ 5። ይሄ ስህተት ያጋልጣል እንጂ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ መልሰን አባዛነው። ልክ ነው።

እኔ ልተወው ነበር። ልጁ ግን «ድርሻውስ ብቸኛ ነው?» አለኝ። አካፋይ ካለው እሱም ያው የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው፤ መፈለግ ያለብንም እስከ 2,588 ብቻ። 641ን ራሱን ጨምሮ ሰባት ቁጥሮች ቀሩ፦ 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113። ተካፍለን ሠራናቸው። አንዱም ዜሮ አልሰጠም።