ሽቶዋ ቀድሟት ገባ

ዛሬ ዝምተኛዋ የሥራ ባልደረባችን ከመግባቷ በፊት ሽቶዋ ገባ። ከባድ ነው፤ ዕጣን ዕጣን፣ እንጨት እንጨት የሚል። እሷ ግን ድምጿ እንኳን በግድ ነው የሚሰማው። አንዱ "ይሄ ሽቶ ካንቺ ጋር አይሄድም" አላት። (ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል?) ሳቅ ብላ "እሱ ይናገርልኝ" አለችው። ወደድኳት!

"አበባ አበባ የሚሸት የምትቀባ የዋህ፣ ቅመም የሚሸት የምትቀባ ደፋር" የሚሉት ነገር ለእኔ ከኮከብ ቆጠራ አይለይም። ሽቶው ራሱ መች በአንድ ጸባይ ይቆያል? መጀመሪያ የሚሸተን ሎሚና ብርቱካን ቶሎ ይተናል። ቀጥሎ አበባው ይመጣል። እንጨቱና ሙጫው ግን ለሰዓታት ይቆያሉ። የቆዳችን ሙቀትም የራሱን ይጨምርበታል። በ1921 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ሻኔል ቁጥር 5 የተባለ ሽቶ የቀመመው ኤርነስት ቦ፣ ጃስሚንና ጽጌረዳን አልዲሃይድ ከሚባሉ ኬሚካሎች ጋር ነው ያዋሃደው። ታዲያ እሱን የምትቀባዋ የዋህ ናት ወይስ ኬሚስት?

ደግሞ አፍንጫችን የለመደውን ሽታ ቶሎ ይተወዋል። ስለዚህ የእኔን ሽቶ "ጸባይ" ከእኔ በላይ የሚያውቀው አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ የምታገኙኝ፣ አይዟችሁ!