ሐሞቴ ስንት ፐርሰንት ትሠራለች?

ጥብስ በበላሁ ቁጥር ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር ይወጋኝ ነበር። የታዘዘልኝ የሐሞት ከረጢቴ ምን ያህል እንደምትጨመቅ ለማየት ሁለት ጊዜ አልትራሳውንድ ነው፤ አንዱ በባዶ ሆድ፣ ሌላው ቅባት ያለው ምግብ ከበላሁ በኋላ። የቀጠሩኝ ረቡዕ ነበር። በጾም ቀን ቅቤ? ወደ ሐሙስ አዛወርኩት።

ከቱሉ ዲምቱ በማለዳ ወጣሁ። እንቁላል በቅቤ በምሳ ዕቃ ይዣለሁ። ታክሲው በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ውጤቱ፦ በከረጢቷ ውስጥ ያለው ሐሞት ከምግብ በፊት 30 ሚሊ ሊትር፣ በኋላ 12።

«40 ፐርሰንት ብቻ? አለቀልሽ በይኛ!» አለች እህቴ። እሷ ያሰላችው በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ የቀረውን ነው። የሚቆጠረው ግን ተጨምቆ የወጣው ነው፤ 18 ለ30 ሲካፈል፣ 60 ፐርሰንት። ደከመች የሚባለው ከ35 ወይም ከ40 በታች ሲሆን ነው። ጠጠርም አልተገኘም።

ውጋቱ ግን አለቀቀኝም። ቀጥሎ ጨጓራዬን ሊያዩ ነው። የተረፈውን እንቁላል እህቴ ጨረሰችው።