ሂስትሪ (የታካሚውን ታሪክ) ሳትወስዱ ኤአይ አትክፈቱ

ክሊኒካል (ሆስፒታል ታካሚ እያየን የምንማርበት ደረጃ) ከገባን ጀምሮ በኛ የህክምና ተማሪዎች ባች ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ፣ ግማሹ ኤአይ ሳይከፍት ኬዝ አያነብም፣ ግማሹ ደሞ ጭንቅላት ያደነዝዛል ብሎ ስሙንም መስማት አይፈልግም። ራዲዮሎጂ (ኤክስሬይና ሲቲ ስካን የመሰሉ ምስሎችን የማንበብ ሙያ) የሚያስቡት ልጆች እስክንጨርስ ስራው ይኖራል ወይ እያሉ ይጨነቃሉ። ታዋቂው የኤአይ ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን በ2016 እ.ኤ.አ. ራዲዮሎጂስት ማሰልጠን ይቁም፣ በ5 አመት ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር፣ 5 አመቱ ካለፈ ቆየ፣ ራዲዮሎጂስት ግን ዛሬም ይፈለጋል።

እኔ እጠቀማለሁ፣ ግን በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ታካሚውን ራሴ አናግሬ፣ መርምሬ፣ ዲፈረንሻሌን (ሊሆኑ ይችላሉ የምላቸውን በሽታዎች ዝርዝር) ከነምክንያቱ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዛ ነው ቻትጂፒቲ የምከፍተው። በሽታው ምንድነው ብዬ አልጠይቀውም፣ ምን ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ አንደኛ ያደረኩትን የሚያፈርስ ነገር አለ ወይ ነው የምለው።

ለምን እንዲህ እንደማደርግ በአንድ ኬዝ ላሳያችሁ። ሜዲሲን ዋርድ እያለን አንድ ወጣት ተኝቶ ነበር፣ ሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ በጣም የከሳ፣ ስፕሊኑ (ጣፊያው) አብጦ እምብርቱ ድረስ የወረደ፣ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ነጭ ሴሉም ሄሞግሎቢኑም ፕሌትሌቱም ዝቅ ያለ። ራውንድ ላይ (ታካሚዎቹን እየዞርን ስናይ) ሲኒየር ሀኪማችን የላብራቶሪ ውጤቱን ከማየታቸው በፊት አልጋው ጫፍ ቁጭ ብለው «ወንድሜ፣ ጥቅምት ላይ የት ነበርክ?» አሉት። «መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ» አለ። «ማታስ የት ነው የምታድሩት?» «እዛው ሜዳ ላይ፣ ግራር ስር።» ካላዛር የሚባለውን የጥገኛ ተውሳክ በሽታ የሚያስተላልፈው ሳንድፍላይ (የአሸዋ ዝንብ) ደሞ የሚራባው እዛው ዋልካ መሬቱ ስንጥቅ ውስጥና ግራሩ አካባቢ ነው። አርኬ39 የሚባለው የካላዛር የደም ምርመራ ተሰራለት፣ ፖዘቲቭ ሆነ።

ማታ ዶርም ገብቼ ስምም ሆነ ማንነቱን የሚያሳይ ነገር ሳልጨምር ኬዙን ሁለት ጊዜ ለኤአዩ ሰጠሁት። ስራውንና የሄደበትን ቦታ ሳልጽፍ ሊምፎማና ሉኬሚያን (የሊምፍና የደም ካንሰሮችን) ከላይ ደረደረልኝ፣ ካላዛርን ታች ነው የከተተው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚለውን ስጨምርበት ካላዛር አንደኛ ወጣ፣ ኤችአይቪም ይታይ ብሎ ጨመረ፣ እሱም ልክ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ህክምናው ይከብዳል። መልሱን የለወጠው እንግዲህ ሲኒየራችን የጠየቁት ጥያቄ ነው፣ ያንን ጥያቄ ደሞ አልጋው አጠገብ ያለ ሰው ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም።

ኤአይ አይረባም ለሚሉት ደሞ፣ የአለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 15 አመትና ከዛ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ኤክስሬይ አንብቦ ቲቢ የሚጠረጥር ሶፍትዌር በሰው አንባቢ ቦታ መጠቀም ይቻላል ብሏል። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚጠረጥረውን ግን በአክታ ምርመራ ማረጋገጥ ግድ ነው። ቆዳ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ፣ ብዙዎቹ የሰለጠኑት በነጭ ቆዳ ፎቶ ስለሆነ በኛ ቆዳ ላይ መቅላት ምን እንደሚመስል በደንብ አያውቁም።

አሁን ከጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ የምናደርገው፣ አንዱ ኬዝ ያቀርባል፣ ሌሎቻችን ዲፈረንሻላችንን ወረቀት ላይ ጽፈን እስክንጨርስ ስልክ አይነካም፣ ከዛ የኤአዩን ዝርዝር ከኛ ጋር እያስተያየን እንከራከራለን። ከሲ ዋን (ከመጀመሪያው የክሊኒካል አመት) ጀምሮ በክፍል ከአስተማሪ ጋር ቢሰራ ደሞ እንዴት ጥሩ ነበር።