ሰንጢ የሚሰበረው ሲቆርጥ አይደለም

ሰንጢ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠንካራ ነው?» ብሎ ነው። ነጋዴውም አያፍርም፤ «ብረት ይቆርጣል!» ይላል። እኔ ብረት የሚቆርጥ ሰንጢ አይቼ አላውቅም። ዳቦ ሲቆርጥ የተሰበረም አላየሁም። የተሰበረውን ያየሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ስንጠግን ነው።

ክረምት ነበር። የዚያ አገር ዋልካ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል። መኪናዋን ዋናው መንገድ ላይ ትተን፣ ዕቃ ተሸክመን ገባን። በጥድፊያ ካቻቢቴው መኪና ውስጥ ቀረ።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ነው። ዘንጉን መዘን ስናወጣ ውኃ የሚስበው ጎማ አልቋል፤ ከላይ ያለው የፒቪሲ ቧንቧም ተሰንጥቋል። አዲስ የተቀጠረው ልጅ አዲስ ሰንጢውን አወጣ። ያረጀውን ጎማ በአንድ ጊዜ ሸልቅቆ ጣለው። ቧንቧውን በመጋዝ ከቆረጥን በኋላ የጫፉን ሸካራ ፍቆ አለሰለሰው። ገመድ በጠሰ፣ ለምሳ ዳቦ ቆረሰበት። እውነቱን ለመናገር ስለቱ ግሩም ነበር።

ችግር የመጣው ከማጣበቂያው ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ደርቆ አልላቀቅ አለ። ልጁ የሰንጢውን ጫፍ ከክዳኑ ሥር ሰክቶ ወደ ጎን ጠመዘዘው። ቀጭ! የጥፍር ቁራጭ የምታክል ብረት ተፈናጥራ ጭቃ ውስጥ ገባች። ጀሪካን ይዘው ወረፋ ከሚጠብቁት እናቶች አንዷ፣ «ምነው ልጄ፣ በማጭድ እንጨት ይፈለጣል?» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ልጁ ግን ተናደደ። «ጋሼ፣ ሸውደውኛል። ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ!» አለው ለአንጋፋው ሜካኒካችን።

ጋሼ ከኪሱ ቀይ የስዊዝ ሰንጢውን አወጣ። ስለቱን አልነካም። ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ ዘርግቶ ክዳኑን ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ፈነቀለው። «ፎርጅድ አይደለም አንተ ልጅ» አለው። «ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ነው ስለት የያዘልህ። ደረቅ ብረት ደግሞ ስትጠመዝዘው አይጎብጥልህም።»

የጋሼ ሰንጢ ቪክቶሪኖክስ ነው፤ ከ1891 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለስዊዝ ጦር ሰንጢ የሚያቀርብ ድርጅት። እነሱ በአንድ ሰንጢ ላይ አንድ ዓይነት ድርቀት አይጠቀሙም። የብረት ድርቀት በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ ስለቱ 56 ነው፣ ካቻቢቴውና ቆርቆሮ መክፈቻው 52፣ ስፕሪንጉ 49። መፈንቀልና መታጠፍ ያለበት ክፍል ሆን ተብሎ ለስለስ ይደረጋል። ስለቱ ለመቁረጥ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ መቆለፊያ በሌለው ሰንጢ ሲፈነቅሉ የሚጎዳው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ጣት ላይም ይዘጋል።

ማታ ቢቸና ስንገባ ልጁ ሰንጢውን ይዞ ብየዳ ቤት ሄደ። ባለሙያው ግራይንደሩን ሲያስነሳ ጋሼ ደርሶ ከለከለው። ሞተሩ ቀጭኑን ብረት ያግለዋል፤ አንዴ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ድርቀቱን ያጣል፣ ከዚያ ስለት አይዝም። ይልቅ ውኃ እያረጠቡ በእጅ ድንጋይ ላይ መፋቅ ነው። እሱም ከስለቱ በኩል ሳይሆን ከጀርባው። አዲሱ ጫፍ ከስለቱ ጋር እስኪገጥም ድረስ ጀርባው ይወርዳል እንጂ ስለቱ አይነካም።

ልጁ እያጉረመረመ ፋቀው። ሰንጢው አሁን አጠር፣ ደፍጠጥ ያለ ነው። ጎማ ለመሸልቀቅ እንዲያውም ተመችቶታል፤ እንደ ድሮው የፓምፑን ፕላስቲክ አይወጋበትም።