ለገዢ የሚጻፍ መልእክት ሦስተኛ አንባቢ አለው

በኦንላይን ገበያ ስትሸጡ ከገዢ ጋር የምትጻጻፉት ነገር ሰላም እስካለ ድረስ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። ክርክር የተነሣ ቀን ግን ሦስተኛ አንባቢ ይገባበታል፤ የኦንላይን ገበያው ዳኛ። ዳኛው ዕቃውን አላየውም፣ በስልክ የተባባላችሁትንም አልሰማም። የሚፈርደው በገጹ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ባገኘው ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱን መልስ እሱም እንደሚያነበው አድርጎ መጻፍ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከሽያጭ በፊት ለሚመጣ ጥያቄ በቁጥር መልሱ። "ሰፋ ያለ ነው" የተባለ ሱሪ ተመልሶ ይመጣል። ሱሪው ተዘርግቶ ወገቡ ከጫፍ ጫፍ 42 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ዙሪያው 84 መሆኑንም አብራችሁ ጻፉ፤ አንዱን ብቻ ስትጽፉ ገዢው ሌላው መስሎት ያዛል። ያው ጥያቄ ከሁለት ሰው ከመጣ ጉድለቱ ያለው የዕቃው መግለጫ ላይ ነውና እሱን አስተካክሉ።

አማዞን ሻጮች የገዢን መልእክት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመልሱ ይጠይቃል፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። መልሱ በእጃችሁ ከሌለ "መዝኜ ነገ እስከ ቀትር እጽፍልዎታለሁ" በቂ ነው። ቀጠሮውን ማፍረስ ግን ዝም ከማለት ይብሳል።

ዕቃ ሲዘገይ ገዢው ሳይጠይቅ ቀድማችሁ ጻፉ። "በቅርቡ ይደርሳል" ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

"ዕቃዎን ሰኞ ልኬያለሁ። መከታተያው ከሐሙስ ወዲህ ለውጥ አያሳይም፤ ዛሬ አጓጓዡን ጠይቄያለሁ። እስከ ረቡዕ ካልደረሰዎ ሌላ ልላክልዎ ወይስ ገንዘብዎን ልመልስ?"

የሆነው፣ የተደረገው፣ ቀኑና ምርጫው አሉበት።

ተሰብሮ ደረሰ ሲባል መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ሦስት ፎቶ፦ የተሰበረው ዕቃ፣ አድራሻው የተለጠፈበት ካርቶን ከውጭ፣ የውስጡ ማሸጊያ። ካርቶኑን እንዳይጥሉት በዚያው መልእክት ንገሯቸው፤ አጓጓዡ ካሳ ሲጠየቅ አስተሻሸጉን ማየት ይፈልጋል። ምክንያቱን ሳትጽፉ ፎቶ ብቻ ከጠየቃችሁ ገዢው ውሸታም የተባለ ይመስለዋል።

ጉዳዩ ወደ ይፋዊ አቤቱታ ከሄደ ለመልስ ያላችሁ ጊዜ የተቆጠረ ነው። ኢቤይ ላይ ለምሳሌ "አልደረሰኝም" ለሚል አቤቱታ ሻጩ ያለው 3 የሥራ ቀን ነው። መልሱንም በተራ መልእክት ሳይሆን አቤቱታው በተከፈተበት ገጽ ላይ ስጡ።

የተቆጣ ገዢ ሲጽፍ ስድቡን ዘላችሁ ፍሬ ነገሩን ብቻ መልሱ። በአማርኛ የምትጻጻፉ ከሆነ "እርስዎ" ከአክብሮት በላይ ጥቅም አለው፤ ከመለያ ስም ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅማ! ከሁሉ የከፋው ስህተት ደግሞ "የጻፉብኝን አስተያየት ካጠፉ ገንዘብዎን እመልሳለሁ" ነው። ይህ በትልልቆቹ ገበያዎች ክልክል ነው፤ እዚያው ተጽፎም ስለሚገኝ ማስተባበያ የለውም።

ከተከፈለ በኋላ "ወደ ሌላ አድራሻ ላክልኝ" የሚል መልእክት ሲመጣ እሺ አትበሉ። ትዕዛዙ ላይ ካለው አድራሻ ውጭ ከላካችሁ፣ ገዢው አልደረሰኝም ቢል ገበያው ለሻጭ የሚሰጠውን ጥበቃ ልታጡ ትችላላችሁ። ትዕዛዙ ይሰረዝና በትክክለኛው አድራሻ እንደገና ይዘዙ።